የተኛን የማይቀሰቅስ ሰላምታ
(የመኝታ ቤታችን ድምፅና እንቅልፋችን)



ከዝግጅት ክፍላችን ባልደረቦች አንዱ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንድ የኮንዶሚኒየም ቤት ከነቤተሰቡ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የስምንት ዓመት ልጁ የሚተኛበት ጥግ ከደረጃው ጋር ይዋሰናል። በገቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ልጁ ጠዋት አልነሣ እያለ ያስቸግር ጀመር። ቀድሞ ለሱብሒ አባቱን ተከትሎ የሚነሣው ልጅ ተጎትቶም የማይነቃ ሆነ። ምግብ ቀነሰ፤ በትንሽ በትልቁ ማልቀስ አመጣ። አስተማሪው «ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል» ብላ ደብተሩ ላይ ጽፋ ላከች። እናቱ ደም ማነስ ይሆናል ብላ ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም። አያቱ ደግሞ ዐይን ነው ብለው ቁርኣን ያስቀሩበት ያዙ። በመጨረሻ አባት አንድ ሌሊት ልጁ አጠገብ ፍራሽ ዘርግቶ ተጋደመና ሳይተኛ አደረ።

ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ የሕንፃው መግቢያ የብረት በር አሥራ አንድ ጊዜ እየተወረወረ ተዘጋ። በሩ ያለው ምድር ላይ ነው፤ ድምፁ ግን ደረጃውን ይዞ እየተንከባለለ ወጥቶ ልጁ ራስጌ ላይ ይፈነዳል። ልጁ አንድም ጊዜ ዐይኑን አልገለጠም። ነገር ግን በሩ በተመታ ቁጥር ትንፋሹ ቆም ይልና ይፈጥናል፤ እግሩን ያወራጫል፤ ይገላበጣል። ጠዋት «ሌሊት የሰማኸው ነገር ነበር ወይ?» ሲባል፣ «ኧረ ምንም አልሰማሁም አባ» አለ።

ባልደረባችን ይህችን መልስ ቢሮ መጥቶ ሲነግረን ነው ስለ መኝታ ቤት ድምፅ ለመጻፍ የተነሣነው። አብዛኞቻችን ካልነቃን እንቅልፋችን ሙሉ ነበር ብለን እናምናለንና።

ጆሮ ክዳን የለውም

ዐይን ክዳን አለው፤ ጆሮ የለውም። በተኛንበትም ሰዓት ጆሯችን እንደ ቀኑ ሁሉ ድምፅ ይቀበላል፤ ወደ አንጎልም ያስተላልፋል። አንጎል ደግሞ የትኛው ድምፅ እንደሚታለፍ፣ የትኛው እንደሚያስነሣ እየመዘነ ያድራል። እ.ኤ.አ. በ1960 ኦስዋልድ፣ ቴይለርና ትሪስማን የተባሉ የብሪታንያ ተመራማሪዎች ለተኙ ሰዎች ልዩ ልዩ ስሞችን በቴፕ እያሰሙ የአንጎላቸውን የኤሌክትሪክ ሞገድ መዘገቡ። የራሳቸው ስም ሲጠራ የተኙት ሰዎች አንጎል ከሌላው ስም ይልቅ ጎልቶ ምላሽ ሰጠ። የከባድ መኪና ጩኸት የማይቀሰቅሳት እናት ሕፃኗ ገና መነጫነጭ ሲጀምር ብድግ የምትለው፣ ጎረቤት ሲጨፍር ማደሩን ያልሰማ ሰውም የሱብሒ አዛን ሲጀምር ዐይኑን የሚገልጠው ለዚህ ነው። ጆሮው ሁሉንም ሰምቷል፤ አንጎሉ ግን መርጧል።

ምርጫው ግን ያለ ዋጋ አይደለም። እንቅልፍ በግምት በየ90 ደቂቃው የሚዞር ዑደት አለው፤ ጥልቁ ክፍል በብዛት የሚገኘውም በሌሊቱ የመጀመሪያ ግማሽ ነው። የልጆች የዕድገት ሆርሞን በአብዛኛው የሚመነጨው በዚሁ ጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ነው። ድንገተኛ ድምፅ ሰውን ፈጽሞ ባያነቃውም ለጥቂት ሴኮንዶች ከጥልቁ ወደ ቀላሉ እንቅልፍ ያወጣዋል። ከዚያ ተመልሶ ለመጥለቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ በዚህ መሐል በሩ ደግሞ ይመታል። ጠዋት ይህ ሁሉ አይታወስም። በሰዓት ሲቆጠር ልጁ ዘጠኝ ሰዓት ተኝቷል፤ ያገኘው ዕረፍት ግን የዘጠኝ ሰዓት አይደለም።

ለአዋቂዎች ደግሞ የልብና የደም ሥር ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት በለንደን፣ በአቴንስ፣ በሚላኖና በስቶክሆልም አውሮፕላን ማረፊያዎች አቅራቢያ የሚኖሩ 140 ሰዎችን በየቤታቸው ተኝተው ሳሉ የደም ግፊታቸውን ለካ። አውሮፕላን ባለፈባቸው ደቂቃዎች የላይኛው ግፊት በአማካይ 6.2፣ የታችኛው 7.4 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ይህም የሆነው ሰዎቹ ባይነቁም ነው። (የጥናቱ ስም በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል ሲነበብ «ጅብ» ማለት ይሆናል። የአዲስ አበባ ዳር ሰፈር ነዋሪ ጅብ እንቅልፍ እንደሚነሣ ለማወቅ አራት አውሮፕላን ማረፊያ አያስፈልገውም ነበር።) የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ጽሕፈት ቤትም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ዘገባ፣ ምዕራብ አውሮፓ በትራፊክ ጩኸት ምክንያት በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ሚሊዮን ጤናማ የሕይወት ዓመታት እንደምታጣ፣ ከእነዚህም ውስጥ ትልቁ ድርሻ፣ 903,000 ያህሉ፣ በእንቅልፍ መረበሽ እንደሚመጣ ገምቷል።

30 ዴሲቤል ስንት ነው?

ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ፣ በመኝታ ቤት ውስጥ የሌሊቱ አማካይ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል፣ በድንገት ብቅ የሚለው ድምፅ ደግሞ ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። 30 ዴሲቤል ሹክሹክታ ያህል ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ሜትር ርቀት ተቀምጠው ሲጫወቱ ወደ 60 ይደርሳል። እዚህ ላይ ቁጥሩ እንዳያታልለን፤ 60 የ30 ሁለት እጥፍ አይደለም። ዴሲቤል በ10 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ 60 ዴሲቤል ከ30 በኃይል አንድ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ለጆሯችን ግን በየ10 ዴሲቤሉ እጥፍ የሆነ ያህል ብቻ ስለሚሰማን ጭማሪውን እናቃልለዋለን።

ባልደረባችን በእጅ ስልኩ ላይ ባለው መለኪያ ሲሞክር የልጁ ክፍል ጸጥ ሲል 34፣ በሩ ሲመታ 61 አሳየው። የስልክ መለኪያ እንደ ባለሙያ መሣሪያ አይታመንም፤ ልዩነትን ለማየት ግን ይበቃል። ሰውነትን የሚያስደነግጠው በአብዛኛው ይኸው ከጸጥታ ተነሥቶ የሚዘለው ድምፅ ነውና።

«ታዲያ የክረምት ዶፍ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ለምን ጣፋጭ እንቅልፍ ይወስደናል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጥያቄው ጥሩ ነው። ዝናብ ከበሩ ይልቅ ሊጮኽ ይችላል፤ ነገር ግን ወጥ ነው፣ ድንገት የሚዘል ነገር የለበትም፤ የውሻውንና የመኪናውንም ድምፅ ይሸፍናል። በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ሲመጣ ወይም ነፋስ የላላ ቆርቆሮ ሲያማታ ግን ሁላችንም እንነቃለን። ይህን አይተው ሌሊቱን ሙሉ በስልክ የዝናብ ድምፅ የሚከፍቱ አሉ፤ ጥቅሙን የሚያሳዩት ጥናቶች ግን እስካሁን ጠንካራ አይደሉም። ቲላዋ ከፍተው ልጆቻቸውን የሚያስተኙ ወላጆችም ልጁ ከተኛ በኋላ ቢዘጉት እንመርጣለን፤ የቃሪው ድምፅ ከፍና ዝቅ ይላልና። ከዚህም በላይ ቁርኣን ሲቀራ ሊደመጥ ይገባዋል።

በበር ሥር የሚገባው

ድምፅን ስለ መከላከል ስናስብ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየን ግድግዳው ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ክፍተት ነው። በሩ 2 ሜትር በ80 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል፤ ከሥሩ ደግሞ 2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት አለው። ሲሰላ ክፍተቱ ከበሩ ስፋት አንድ መቶኛ ብቻ ነው። ይህች አንድ መቶኛ እያለች ግን በሩ ከጽድም ይሠራ ከብረት፣ ድምፁን ከ20 ዴሲቤል በላይ ሊቀንስ አይችልም። ውኃ በተሰነጠቀ ጋን እንደማይቆም ማለት ነው። ስለዚህ ውድ በር ከማሠራት በፊት የተጠቀለለ አሮጌ ብርድ ልብስ በሩ ሥር ማድረግ፣ የመስኮቱን ዙሪያ በስፖንጅ መድፈን፣ የተሰነጠቀ መስታወት ማስቀየር ይቀድማል።

ከክፍተት ቀጥሎ ክብደት ይመጣል። የግድግዳው ክብደት እጥፍ ሲሆን የሚያሳልፈው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። አባቶቻችን የሠሩት ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ከዚህ አንጻር ሲታይ የሚናቅ አልነበረም፤ የሚያሳልፈው ግድግዳው ሳይሆን በግድግዳውና በጣራው መሐል የሚቀረው ክፍተትና እንደ ወረቀት የሳሳው ቆርቆሮ ነው። ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ኮርኒስ አቧራ ይይዝ ይሆናል፤ ቀላል ስለሆነ ግን ድምፅ አይዝም። ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ክፍት፣ ገላውም ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ በሁለቱም በኩል በደንብ ካልተለሰነ ድምፅ ያሾልካል። ቤት የሚያሠሩ አንባብያን ይህን ልብ ቢሉ መልካም ነው፤ ልስኑ ለውበት ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ሳናስጠነቅቅ ማለፍ አንችልም። የከሰል ማንደጃ ባለበት ክፍል ክፍተት መድፈን ሞት መጥራት ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። በብርድ ወራት ማንደጃ ይዘው የሚተኙ፣ ወይም የቡናው ፍም ሳይጠፋ በር ዘግተው የሚተኙ ቤተሰቦች ከጸጥታ ይልቅ አየር ይምረጡ። ከሰሉ ውጭ ካደረ በኋላ ነው ስለ ስንጥቅ ማሰብ የሚገባው።

በነገራችን ላይ የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ የሚባለው ነገር በየሰፈሩ ይወራል። ከውጭ የሚመጣን ድምፅ አያግድም፤ ምክንያቱም ካርቶን ክብደት የለውም። የትኋን መደበቂያ ከመሆን ያለፈ ጥቅም አላየንበትም።

ባዶ ክፍል ራሱ ይጮኻል

ወደ ክፍሉ የገባው ድምፅ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ዋላስ ሳቢን የተባለ የሐርቫርድ ወጣት መምህር፣ ተናጋሪው የማይሰማበትን አንድ አዲስ የንግግር አዳራሽ እንዲያስተካክል ታዘዘ። በባዶው አዳራሽ ውስጥ አንድ ድምፅ ከጠፋ በኋላ 5.5 ሴኮንድ ያህል ሲያስተጋባ ይቆይ ነበር። ሳቢን ሌሊት ሌሊት ከሌላ ትያትር ቤት የወንበር ትራሶች እያስመጣ፣ በየጊዜው ትራስ ሲጨምር ማስተጋባቱ በስንት እንደሚያጥር እየለካ፣ ሳይነጋ ትራሶቹን ይመልስ ነበር። ዛሬም መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ስሌት የተገኘው ከዚህ ሥራ ነው።

ስሌቱን ወደ እኛ ቤት እናምጣው። ክፍሉ 3 ሜትር በ4 ሜትር፣ ከፍታው 2.8 ሜትር፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ልስን፣ ባዶ ነው እንበል። ድምፅ በውስጡ 2.8 ሴኮንድ ያህል ያስተጋባል። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃና የተሰቀለ ልብስ ሲገባበት ወደ ግማሽ ሴኮንድ ይወርዳል፤ በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ድምፅም በ7 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። አዲስ ቤት የገባ ሰው «እዚህ ቤት ሁሉ ነገር ይጮኻል» የሚለው እውነቱን ነው። እንግዲህ ለስላሳ ነገር የገባውን ድምፅ ያረጋጋል፤ እንዳይገባ የሚከለክለው ግን ክፍተት መድፈንና ክብደት ነው። ሁለቱ ሥራ ባለመለየቱ ስንት ገንዘብ ይባክናል!

ፎቅ ቤት የሚኖር ሰው ሌላ ፈተና አለበት። ከላይ ያለው ጎረቤት ሙቀጫውን ወለል ላይ አድርጎ ቡና ሲወቅጥ ድምፁ በአየር አይደለም የሚመጣው፤ የሕንፃውን ኮንክሪት ራሱን ይዞ ይሄዳል። ከታች ያለው ሰው ኮርኒሱን ምንም ቢያደርግ ብዙ አይጠቅመውም። መድኃኒቱ ያለው ከላይኛው ሰው እጅ ነው፤ ሙቀጫው ሥር የታጠፈ ጆንያ ወይም የጎማ ቁራጭ፣ የወንበር እግር ሥር ጨርቅ፣ ልጆች በሚሮጡበት ቦታ ምንጣፍ። ወጪው ከአንድ ኪሎ ቡና አይበልጥም።

የኛ ድምፅስ?

በሶሒሕ ሙስሊም ሚቅዳድ (ረ.ዐ) ያወሩት አንድ ታሪክ አለ። ሚቅዳድና ሁለት ባልንጀሮቻቸው ተርበው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት አርፈው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሌሊት ሲገቡ ሰላምታ የሚያቀርቡት ነቅቶ ያለው ሰምቶ እንዲመልስ፣ የተኛው ግን እንዳይነቃ አድርገው ነበር። ስለ ዴሲቤል የማንም ሐሳብ ባልነበረበት ዘመን ድምፅን በተኛው ሰው ልክ መመጠን ማለት ይህ ነው። ከኢሻ በፊት መተኛትን፣ ከኢሻ በኋላ ደግሞ ወግ ማብዛትን ይጠሉ እንደነበርም በሐዲስ የታወቀ ነው።

እኛስ? ከኢሻ በኋላ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፤ ስልኩ በየትራሱ ሥር ይንጫጫል፤ ዘግይቶ የመጣ አባወራ ደረጃ ላይ ሆኖ በስልክ ይነጋገራል። ሰርግ ሲሆን ድምፅ ማጉያው ሰፈሩን ሁሉ ያዳርሳል፤ መንዙማ ስለሆነ ብቻ ለታመመው ጎረቤት የሚቀለው አይደለም። ይህን ስንጽፍ ቅር የሚለው ሰው እንዳለ እናውቃለን። ነገር ግን በግንቦት 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2021) የሳዑዲ ዐረቢያ የእስልምና ጉዳዮች ሚኒስቴር ራሱ፣ የመስጊድ የውጭ ድምፅ ማጉያዎች ለአዛንና ለኢቃማ ብቻ እንዲያገለግሉ፣ መጠናቸውም ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ አዟል። ከምክንያቶቹ አንዱ ሕፃናትና አረጋውያን ይረበሻሉ የሚል የነዋሪዎች አቤቱታ ነበር። አዛኑ አልቀረም፤ የቀረው ከአዛኑ ውጭ ያለው ነው። በአገራችንም በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ስለ ድምፅ መጠን ደረጃ እንዲወጣ ደንግጓል። ከቤት በላይ ያለውን ጩኸት በተመለከተ አቤት የሚባልበት መሠረት አለ ማለት ነው። ከጎረቤት ጋር ግን ከአዋጅ በፊት ሻይ ይቀድማል።

ማንኮራፋትንም በአንድ ቃል እንንካው። ባል ወይም ሚስት ሲያንኮራፉ ትንፋሻቸው እየተቋረጠ በድንገት እንደ መታፈን ብለው የሚያገግሙ ከሆነ፣ ነገሩ የድምፅ ጉዳይ ሳይሆን ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ባልደረባችን በስተመጨረሻ ያደረገውን እንንገራችሁ። የልጁን አልጋ ከደረጃው ግድግዳ አንሥቶ ወደ ማዶ ወሰደው። በቤቱ በር ሥር ብርድ ልብስ ጠቀለለ። ከዚያ የሕንፃውን ነዋሪዎች ሰብስቦ ስለ ብረት በሩ አነጋገራቸው። አንድ አዛውንት «በሩ ካልጮኸ ሌባ ሲገባ በምን እናውቃለን?» ብለው ተቃወሙ፤ ክርክሩም ቀላል አልነበረም። በኋላ ግን ከጎሚስታ ቤት አሮጌ ካላማዳሪያ ተገዝቶ፣ በስሱ ተቆርጦ፣ በማስቲሽ በበሩ ማረፊያ ዙሪያ ተለጠፈ። ስልኩ 61 ያሳይበት የነበረው ቦታ አሁን 43 ያሳያል። ከሦስቱ የትኛው እንደረዳው መለየት አይቻልም፤ ልጁ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ምግብ መብላት ጀመረ፤ ከአስተማሪዋም ሌላ መልእክት አልመጣም። ለሱብሒም አንዳንድ ቀን ራሱ ይነሣል፤ አንዳንድ ቀን እንደ ልጅ ይለግማል።

አሁን የሚያማርሩት የሕንፃው ዘበኛ ብቻ ናቸው። ቀድሞ ተኝተው በበሩ አመታት ማን እንደገባ ይለዩ ነበር፤ ዛሬ ግን ሰው በመጣ ቁጥር እየተነሡ ማየት ሆነባቸው።